ፍሬን የመሰለው ነዳጅ፦ ቤንሰንቪል ላይ በሱቅ ደጃፍ የደረሰው አደጋ

ቤንሰንቪል ከቺካጎ በስተምዕራብ፣ ከኦሄር አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 አንድ የ57 ዓመት ሰው እዚያ ወዳለ ሰቨን ኢለቨን ሱቅ ቡና ሊገዛ ሄደ። ከደጃፉ ፊት ለፊት አንድ መኪና ሊቆም እየገባ ነበር። አሽከርካሪው ፍሬን የያዘ መስሎት ነዳጅ ረገጠ። መኪናው ወደፊት ተፈናጥሮ ሰውየውን ከሱቁ ፊት ጋር አጣበቀው። ሁለቱም እግሮቹ ተቆረጡ።

እንዲህ ያለ ነገር ስንሰማ ፍርዳችን ፈጣን ነው። ጥፋቱ የሹፌሩ ነው እንላለን። ሹፌሩም ተከስሶ ጥፋቱን አምኗል። ነገሩ ግን በዚያ አላለቀም። ተጎጂው ሱቁን ከሰሰ። አደጋው ከደረሰ ከ5 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2023 መጀመሪያ ላይ፣ ጉዳዩ በ91 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት መዘጋቱ ተነገረ።

መኪናውን ያልነዳ ሱቅ ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ለምንድን ነው? አንዳንዱ «አሜሪካ ነው፣ ጠበቃ ያገኘ ሁሉ ይከስሳል» ብሎ ያልፈዋል። እኔ እንዲህ አላየውም። እዚህ ጉዳይ ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «መኪናው ለምን ሳተ?» የሚል ነው። ሁለተኛው «መኪናው ሲስት ለምን ሰው አገኘ?» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ሹፌሩ ይመልስ። ሁለተኛውን መመለስ ያለበት ፓርኪንጉን የነደፈው፣ ያሠራውና ገቢ የሚሰበስብበት ነው።

መጀመሪያ ስለ እግር

ፔዳል መሳሳት የሰካራም ወይም የጀማሪ ነገር ይመስላል። አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደህንነት አስተዳደር በዓመት 16,000 ያህል አደጋ ከዚህ ስህተት እንደሚመጣ ገምቷል። በጣም ወጣትና በጣም አዛውንት አሽከርካሪዎች ላይ ይበዛል፤ ግን ማንንም አይምርም። ብዙ ጊዜ የሚደርሰውም ፓርኪንግ ውስጥ ነው።

ለምን ፓርኪንግ ውስጥ? አውራ ጎዳና ላይ እግር ለረጅም ጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጣል። መኪና ስናቆም ግን እግር ከፍሬን ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ ፍሬን ይመላለሳል። አንገት ይዞራል፣ ወገብ ይጠመዘዛል። ወገብ ሲዞር እግርም ቦታውን ትንሽ ይለቃል። ኦቶማቲክ መኪና ደግሞ ነዳጅ ሳይነካም ቀስ እያለ ይሄዳል። ስለዚህ ሹፌሩ የመጨረሻዋን አንድ ሁለት ሜትር የሚገባው ፍሬን እየያዘ፣ እየለቀቀ ነው። የቆመ ሲመስለውና ለመጨረሻ ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ሊይዝ ሲል፣ እግሩ ያረፈው ነዳጁ ላይ ከሆነ አለቀ።

ዋናው ችግር ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሹፌሩ የረገጠው ፍሬን እንደሆነ እርግጠኛ ነው። መኪናው ሲሮጥ ፍሬኑ እምቢ ያለው ይመስለዋል። ስለዚህ ይበልጥ አጥብቆ ይረግጣል። ለማዳን ያደረገው ነገር ራሱ ጥፋቱን ያባብሳል። ከአደጋው በኋላም ብዙዎች «ፍሬን ይዤ ነበር» ብለው የሚምሉት ዋሽተው አይደለም፤ እንደዚያ ነው የሚያስታውሱት።

አሁን ሒሳቡን እንይ። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 5 ሜትር ተኩል ያህል ይጓዛል። ከሱቁ ፊት ያለው የእግረኛ መሄጃ 1 ሜትር ተኩል ስፋት ቢኖረው፣ መኪናው ያንን ለመሻገር ከአንድ ሦስተኛ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። ሰው ነገሩን አይቶ፣ ገብቶት፣ እግሩን እስኪያነሳ ግን ቢያንስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ሹፌሩ ስህተቱን ሊያርም ጊዜ የለውም። ቡናውን ይዞ የሚወጣው ሰው ዘወር ሊል ጊዜ የለውም። «ተጠንቀቁ» የሚል ምክር ወይም ማስጠንቀቂያ እዚህ አይደርስም። በዚያች ቅጽበት ሰውን ሊያድን የሚችለው አስቀድሞ መሬት ውስጥ የተተከለ ነገር ብቻ ነው።

የደጃፉ አሠራር

አሜሪካ የኖረ ሁሉ ይህን ደጃፍ ያውቀዋል። ሱቁ ፊቱ ሙሉ መስታወት ነው። መኪኖቹ አፍንጫቸውን ወደ መስታወቱ አድርገው ይደረደራሉ። በመስታወቱና በመኪኖቹ መካከል ጠባብ የእግረኛ መሄጃ አለ። ደንበኛው ወደ በሩ የሚሄደው በዚያች መሄጃ ነው። በአንድ ጎኑ መስታወት፣ በሌላው ጎኑ ሞተሩ ያልጠፋ መኪና።

ይህ አሠራር ከክፋት የመጣ አይደለም። እንዲህ ያለ ሱቅ የሚሸጠው ፍጥነትን ነው። ሰው ከመኪናው ወርዶ፣ ቡና ገዝቶ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይሄዳል። ስለዚህ በተቻለ መጠን ለበሩ ቅርብ እንዲያቆም ይፈለጋል። ግን ይኸው አሠራር በቀን ውስጥ ብዙ መኪኖች፣ ሁሉም ወደ አንድ በር አነጣጥረው፣ የመጨረሻዋን ሜትር ፍሬን እየያዙ እየለቀቁ እንዲገቡ ያደርጋል። ስህተት በጣም ሊደርስ የሚችልበትን እንቅስቃሴና ሰው በጣም የሚበዛበትን ቦታ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣል።

«ጠርዝ አለ አይደል?» ይባላል። የእግረኛ መሄጃው ጠርዝ ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የተሠራው ውሃ ለማፍሰስና ለዓይን ወሰን ለመስጠት ነው። መሬት ላይ የሚተኛው የኮንክሪት የጎማ ማገጃም እንዲሁ ነው። ቀስ ብሎ ለሚገባ ሹፌር መድረሱን ይነግረዋል። ነዳጅ የተረገጠበትን መኪና ግን አያቆምም፤ ጎማው ይወጣበትና ያልፋል። በር አካባቢ ደግሞ ዊልቸር እንዲያልፍ ጠርዙ ራሱ ዝቅ ይደረጋል። መደረጉ ትክክል ነው፤ ግን ሰው በብዛት በሚያልፍበት ቦታ ላይ ያችም ትንሽ ከፍታ ጠፋች ማለት ነው።

አንድ ነገር በጣም ያስቆጨኛል። ነዳጅ ማደያ ያለው ሱቅ ስትሄዱ ዙሪያውን ተመልከቱ። የነዳጅ መቅጃው ጎንና ጎን ወፍራም የብረት ምሰሶ ቆሟል። የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደር የሚቀመጥበት የብረት ሳጥን ፊት ምሰሶ አለ። ከጀርባ ያለው የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ምሰሶ አለው። የእሳት አደጋና ሌሎች የደህንነት ደንቦች ስለሚጠይቁ ነው። ማለትም ዲዛይን የሚያደርገው ሰው መኪና ሊስት እንደሚችል አሳምሮ ያውቃል፤ መፍትሔውንም ያውቃል። ከዚያ ወደ በሩ ዞር ስትሉ፣ ሰው የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

6,253

የቤንሰንቪልን ጉዳይ ከሌሎች የለየው ከኩባንያው መዝገብ የወጣው ቁጥር ነው። የተጎጂው ጠበቆች እንዳሳወቁት፣ በ15 ዓመት ውስጥ በአሜሪካ ባሉ የሰቨን ኢለቨን ሱቆች ላይ 6,253 ጊዜ መኪና የሱቅ ፊት መትቷል። ስታካፍሉት በቀን ከአንድ በላይ ይመጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ቁጥሩ ሁለት ነገር ነው የሚናገረው። ኩባንያው በአሜሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱቆች አሉት። ስለዚህ አንድ የሱቅ ሥራ አስኪያጅ ዕድሜ ልኩን ሠርቶ አንድም ጊዜ ይህን ላያይ ይችላል። እሱ «እንዲህ ያለ ነገር አይቼም ሰምቼም አላውቅ» ቢል እውነቱን ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ለተቀመጠው ሰው ግን ሪፖርቱ በየቀኑ ይደርሰዋል። ነገ የትኛው ሱቅ እንደሚመታ አያውቅም። ከሱቆቹ አንዱ እንደሚመታ ግን በደንብ ያውቃል።

ለእኔ የክርክሩ እምብርት ይኸው ነው። አንድ ሹፌር ሲሳሳት ድንገት ነው። ሺህ ሹፌሮች ሲሳሳቱ ግን ድንገት መሆኑ ቀርቶ የሥራው አካል ይሆናል። የጣሪያ ዝናብ ማፍሰሻ የሚሠራ ሰው መቼ እንደሚዘንብ ማወቅ አያስፈልገውም፤ እንደሚዘንብ ማወቁ ይበቃዋል።

ነገሩ የአንድ ኩባንያ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስቶርፍሮንት ሴፍቲ ካውንስል የተባለው ማኅበር በአሜሪካ በቀን ከ100 በላይ መኪኖች ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ባንክና ሌላም የንግድ ቤት ውስጥ እንደሚገቡ ይገምታል።

ኩባንያው ምን አለ?

ኩባንያው ከስምምነቱ በኋላ በሰጠው መግለጫ ሁለት ነገር አነሳ። አንደኛ፣ አደጋውን ያደረሰው በግዴለሽነት የነዳና ጥፋቱን ያመነ አሽከርካሪ ነው። ሁለተኛ፣ ሱቁ የአካባቢውን የግንባታ ሕግና ደንብ ሁሉ አሟልቷል።

ሁለቱም ሊናቁ አይገባም። የአሽከርካሪው ጥፋት እውነት ነው። የግንባታ ደንቡን ያሟላ ባለንብረትም «ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። ደንብ የሚወጣው ለዚሁ አይደለም እንዴ?

ግን የግንባታ ደንብ ትንሹን ግዴታ ነው የሚነግረን። ደንቡን የጻፈው የከተማ ጽሕፈት ቤት የኩባንያው መዝገብ የለውም። 6,253 አደጋዎችን ቆጥሮ የያዘው ኩባንያው ነው። ደንብ አውጪው የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው፣ ደንቡ ዝም ስላለ ብቻ ዝም ማለት አይችልም።

የኢሊኖይ ግዛት ሕግም ወደዚህ ያዘነበለው ከቤንሰንቪል በፊት ነው። ሮክፎርድ ከተማ በሚገኝ አንድ በርገር ኪንግ ውስጥ ተቀምጦ ይበላ የነበረን ሰው፣ ከፓርኪንጉ ተነስታ ከቁጥጥር ውጪ የሆነች መኪና ግድግዳውን ጥሳ ገብታ ገደለችው። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ክሱን ዘጋው። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ2006 ክሱ እንዲቀጥል ወሰነ። ንግድ ቤት ደንበኞቹን ከሳተ መኪናም ጭምር ለመጠበቅ ተገቢውን ጥንቃቄ የማድረግ ግዴታ አለበት አለ። ፍርድ ቤቱ «ሁሉም ምግብ ቤት ምሰሶ ይትከል» አላለም። ግዴታው አለ፤ ተጣሰ ወይስ አልተጣሰም የሚለውን ግን በየጉዳዩ ማስረጃ ይወስነው ነው ያለው። ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ትንሽ ሱቅ ያለው ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ለደረሰ ነገርና ትልቅ ኩባንያ በየቀኑ ለሚያየው ነገር እኩል አይጠየቁም ማለት ነው።

ማሳቹሴትስ ውስጥ ደግሞ ከዚህ የከበደ ጉዳይ አለ። በ2010 ቺኮፒ ከተማ፣ ከምበርላንድ ፋርምስ የተባለ ሱቅ በር ላይ አንዲት ሴት በመኪና ተመትታ ሞተች። ሹፌሩ የ81 ዓመት ሰው ነበር፤ እየነዳ ሳለ ድንገት ታሞ ራሱን መቆጣጠር አልቻለም። መኪናው መስቀለኛ መንገዱን በከፍተኛ ፍጥነት አቋርጦ፣ ልክ ማዕዘኑ ላይ ባለው የፓርኪንግ መግቢያ ገብቶ፣ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ። ኩባንያው «ሹፌር ታሞ በዚህ ፍጥነት ይመጣል ብሎ ማን ይገምታል?» አለ። ሰሚው ሊራራለት የሚችል ክርክር ነው። ሆኖም በኩባንያው ሱቆች ላይ የደረሱ 485 ተመሳሳይ ግጭቶች በማስረጃነት ቀረቡ፤ በሳምንት አንድ ያህል ማለት ነው። ጁሪው 32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈረደ፣ ዳኛው ወደ 20 ሚሊዮን ዝቅ አደረገው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2018 አጸናው። አደጋው በትክክል በምን መንገድ እንደሚመጣ መገመት አያስፈልግም፤ መኪና በር ላይ ያለን ሰው ሊመታ እንደሚችል መታወቁ በቂ ነው ተባለ።

ቺኮፒ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር ይታያል። እዚያ ችግሩ የምሰሶ አለመኖር ብቻ አልነበረም። የፓርኪንጉ መግቢያ መስቀለኛ መንገዱ ማዕዘን ላይ መሆኑ፣ ከመንገዱ እስከ በሩ ቀጥ ያለ መስመር ፈጥሯል። መግቢያው ራቅ ብሎ በጎን ቢሆን፣ መኪናው ወደ በሩ ለመድረስ መታጠፍ ነበረበት። ራሱን የሳተ ሹፌር ደግሞ አይታጠፍም።

ምን ይደረግ ነበር?

ቀላሉና ጥንታዊው መፍትሔ ምሰሶ ነው፤ በተለምዶ ቦላርድ የሚባለው። ግን ምሰሶ ሁሉ ምሰሶ አይደለም። በደንብ የተሠራው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ወፍራም የብረት ቱቦ ሆኖ፣ ውስጡ ኮንክሪት ይሞላል። ከላይ የሚታየው 1 ሜትር ገደማ ነው። ከሥሩም የዚያኑ ያህል ተቆፍሮ በኮንክሪት ይታሰራል። ኃይሉ ያለው የማይታየው ላይ ነው። ሌላ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ከሥሩ ጠፍጣፋ ብረት ያለው፣ በአራት ብሎን አስፋልቱ ላይ የታሰረ። ቢጫ ፕላስቲክ ሲለብሱ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ናቸው። ጎንበስ ብላችሁ እግሩን ስታዩ ግን ይለያያሉ። በብሎን ብቻ የቆመው አብዛኛውን ጊዜ መኪና ሲመታው ተነቅሎ ይወድቃል።

ለዚህ የወጣ መለኪያም አለ። ኤ.ኤስ.ቲ.ኤም. የተባለው የደረጃዎች ድርጅት በ2014 ኤፍ3016 የሚባል የመፈተኛ ደረጃ አወጣ። ከ2 ቶን በላይ የሚመዝን የመፈተኛ ተሽከርካሪ በሰዓት 16፣ 32 ወይም 48 ኪሎ ሜትር እየተነዳ ምሰሶውን ይመታል፤ ምሰሶው አስቆመው ወይስ አሳለፈው ተብሎ ይለካል። ከአሸባሪ ጥቃት ለመከላከል ከሚሠራው ግዙፍ መከላከያ የተለየ ነው። የታሰበው ለፓርኪንግ ስህተት ነው። የአንዱ ምሰሶ ወጪ ከነተከላው ከጥቂት መቶ እስከ ጥቂት ሺህ ዶላር ቢሆን ነው። በምሰሶዎቹ መካከል ዊልቸር የሚያልፍበት፣ መኪና ግን የማያልፍበት ክፍተት መተው ይቻላል፤ ለዊልቸር 91 ሴንቲ ሜትር ይበቃል።

ከምሰሶ በፊት ግን ንድፉን ማሰብ ይሻላል። መኪኖቹ ወደ መስታወቱ ከሚያነጣጥሩ፣ በሱቁ ጎን ወይም ከሱቁ ጋር ትይዩ ሆነው ቢቆሙ፣ የተሳሳተ እግር መኪናውን የሚወስደው ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው። ቦታ ካለ፣ ከበሩ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ሦስት ማቆሚያዎች ማስቀረት ብቻ ብዙ ያድናል። ይህን ስል የባለሱቁን ጭንቀት ረስቼ አይደለም። ማቆሚያ ቀነሰ ማለት ደንበኛ ቀነሰ ማለት ሊሆን ይችላል። ለዚያ ነው ምሰሶው አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው፤ አንድም ማቆሚያ አይወስድም።

መኪኖቹም እየተለወጡ ነው። ጃፓን አዛውንት አሽከርካሪዎች የበዙባት አገር ናት፤ ፔዳል የመሳሳት አደጋም እዚያ የአደባባይ ጉዳይ ሆኗል። መኪናው ከፊቱ ግድግዳ ወይም ሰው እያለ ነዳጅ በኃይል ሲረገጥ ሞተሩን የሚያፍን መሣሪያ በአዳዲስ ኦቶማቲክ መኪኖች ላይ ከ2028 ጀምሮ ግዴታ እንዲሆን ወስናለች። ጥሩ ነገር ነው። ግን ዛሬ በየሱቁ ደጃፍ የሚቆሙት መኪኖች ያለዚህ መሣሪያ ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉ።

ስለ ራሳችን ደጃፍ

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ጉዳዩ ለእኛም ቅርብ ስለሆነ ነው። በዋሽንግተንና አካባቢው ስንት ወገኖቻችን በፓርኪንግ ሥራ ልጆች አሳድገዋል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ብዙው የሐበሻ ምግብ ቤት፣ እንጀራ ቤትና ግሮሰሪ ያለው በተከራየ የተደረደሩ ሱቆች ሕንፃ (ስትሪፕ ሞል) ውስጥ ነው። ፊቱ መስታወት፣ ከፊቱ መኪኖች። ደንበኛ ተቀምጦ የሚበላው ብዙ ጊዜ ከመስታወቱ ሥር ነው።

ኪራይ ስትዋዋሉ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ማሞቂያውና ስለ ቆሻሻው ትጠይቃላችሁ። ስለ ፓርኪንጉም ጠይቁ። የጋራ ቦታው የማን ኃላፊነት ነው? ከዚህ በፊት መኪና ይህን ሕንፃ መትቶ ያውቃል? መትቶ ከሆነ ምን ተደረገ? ምሰሶ ላስተክል ብትሉ ባለንብረቱ ይፈቅዳል ወይ፣ ወጪውንስ ማን ይከፍላል? መልሱን በጽሑፍ ያዙ። መኪና ጠርዙን ወጥቶ መስታወቱን ሳይነካ ቢቆም እንኳ ቀኑን መዝግባችሁ ለባለንብረቱ በኢሜይል አሳውቁ። እስከዚያው ድረስ ከቤት ውስጥ ያሉትን ጠረጴዛዎች፣ በተለይ የሕፃናት ወንበር የሚቀርብበትን፣ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው መስታወት ወደ ጎኑ ግድግዳ አሽሹት። አንድ ሳንቲም አይጠይቅም።